ኮድ ሞልቷል፣ የጠፋው አንባቢ ነው፦ «በ30 ቀን የኦፕን ሶርስ ተሳታፊ» ለሚለው መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ለዌብ ጀማሪዎች የተጻፈ «በ30 ቀን የኦፕን ሶርስ ተሳታፊ» የሚል መመሪያ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። (ኦፕን ሶርስ ማለት ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው በይፋ የተከፈተ ኮድ ነው።) ምክሩ ሲጠቃለል ይህን ይላል፦ የፊደል ግድፈት እያረማችሁ ቁጥር አብዙ፤ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» (ለጀማሪ የሚሆን ኢሹ፣ ማለትም የተመዘገበ ችግር ወይም ሥራ) የሚል ምልክት ያለበትን ሁሉ «ለእኔ ስጡኝ» በሉ፤ ትልቅ ሥራ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ በሁለት ቀን ካልመለሱላችሁ ወጥሯቸው፤ እንግሊዝኛና ኢንተርኔት ካስቸገራችሁ ኤአይ ይሥራላችሁ፤ ኮድ የማይችል ደግሞ ይተርጉም። ጸሐፊው ወጣቱን ለማበረታታት መነሣታቸው ያስታውቃል። ማንኛውንም ነገር ከመላካችሁ በፊት የፕሮጀክቱን የተሳትፎ መመሪያ አንብቡ ማለታቸውም ልክ ነው። የቀረው ግን ኦፕን ሶርስ ኮድ የቸገረው ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው።

ኮድማ ሞልቷል። የጠፋው የሚመጣውን ኮድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ፣ የሚሞክር፣ ከዚያም «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚል ሰው ነው። ሜንቴነር የሚባለው ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ከመደበኛ ሥራው መልስ፣ ማታ ላይ ነው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው። ስለዚህ ስድስቱንም ምክሮች የምንመዝነው የዚህን ሰው ጊዜ ይቆጥባሉ ወይስ ይበላሉ በሚል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መመሪያው «በቀን ሦስት ፑል ሪኩዌስት ላኩ፤ ነጠላ ሰረዝም ብትሆን ትቆጠራለች» ይላል። ፑል ሪኩዌስት «ይህን ለውጥ አስገቡልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ ተሞክሮ ውጤቱ የታየ ምክር ነው። የክላውድ ኩባንያው ዲጂታል ኦሽን በ2014 የጀመረው ሃክቶበርፌስት የተባለ ዘመቻ በኦክቶበር ወር የተወሰነ ቁጥር ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሸልም ነበር፤ በ2020 አራት ይበቃ ነበር። ሪድሚ በተባለው የፕሮጀክት መግቢያ ፋይል ላይ አንዲት የሙገሳ ቃል ጨምሮ መላክን የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨና ገና ወሩ ሲብት ሪፖዎች (የፕሮጀክቶች የኮድ ማኅደሮች) በማይረባ ለውጥ ተጥለቀለቁ። አዘጋጆቹ በቀናት ውስጥ ደንቡን ቀይረው፣ ፈቃደኛነታቸውን ያሳወቁ ሪፖዎች ብቻ እንዲቆጠሩ አደረጉ። በ2024 ደግሞ ኤክስፕረስ ጄኤስ የተባለው የዌብ ሰርቨር መሥሪያ በአንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ውስጥ ለምሳሌ ያህል ስለታየ ብቻ፣ ስማቸውን ሪድሚው ላይ የሚጽፉ ጀማሪዎች ወረሩት።

አንዲት ነጠላ ሰረዝ የምታስከፍለውን እንቁጠር። ሪፖውን ለሚከታተል ሁሉ ማሳወቂያ ይሄዳል። አውቶማቲክ ፍተሻው ከነሙሉ ቴስቱ ይነሣል። አንድ ሰው ከፍቶ ያያል፣ ይዘጋል፣ «ለምን ዘጋኸው?» ለሚለውም መልስ ይጽፋል። ቁጥሩ ራሱም ጸሐፊው እንዳሰቡት አይሞላም፦ ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ፣ ፎርክ (የራሳችሁ ቅጂ) ላይ ብቻ የቀረን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ፕሮፋይላችሁ ላይ አይቆጥርም፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለውጥ መዝጋቢው ፕሮግራም ጊት ውስጥ የጻፋችሁት ኢሜይል ከአካውንታችሁ ጋር ካልተያያዘም ሥራው ቢገባ እንኳ አረንጓዴው ሳጥን ባዶውን ይቀራል።

ከሰነድ መጀመር ግን ደግ ነገር ነው፣ የምትነኩት ነገር የተሳሳተ ከሆነ። ንጹሕ ኮንቴይነር (ምንም ያልተጫነበት የተለየ የሥራ ቦታ) ክፈቱና የአጫጫን መመሪያውን ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት እርምጃ ሳታልፉ ተከተሉ። አዘውትሮ የሚሰበረው የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) ስሪት የሚጠቀስበት ቦታ ወይም የናሙና ቅንብር ፋይል የሚቀዳበት መስመር ነው። ነባሮቹ ሁሉ ነገር ተጭኖላቸው ስለሚሠሩ ይህን ስብራት አያዩትም። ሊያየው የሚችለው አዲስ ሰው ብቻ ነው፣ ጀማሪነት የሚያስቀናበት ብቸኛ ቦታም ይህ ይመስለናል።

ወደ «ለእኔ ስጡኝ» እንለፍ። ታዋቂ ሪፖ ላይ ለጀማሪ የሚሆን ኢሹ በተከፈተ በሰዓታት ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ከሥሩ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ከወር በኋላ ስትመለሱ ኢሹው ያው ነው፤ የተመደበለት ሰው ግን ደብዛው ጠፍቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። በዚህ የተማረሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ኢሹ ለሰው መመደብ ትተው «የሠራ ይላክ» ብለዋል። ሰልፍ የሌለበት ሥራ ሌላ ነው፦ ተጽፎ የተጣለን የባግ ሪፖርት ማጣራት። አንዱ «የምዝገባ ቅጹ ስሜን አይቀበልም» ብሎ ጽፎ ሄዷል እንበል። ከሥሩ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ አስተያየት ነው፦

«ስሪት 3.1.4፣ ኖድ 20፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ላይ አይቼዋለሁ። ባዶ ዳታቤዝ ላይ ቅጹን ከፍቼ ‹ሰላም› ብዬ ስጽፍ ‹ልክ ያልሆነ ስም› ይላል፤ ያንኑ በላቲን ፊደል ስጽፈው ያልፋል። ስሪት 3.0 ላይ ችግሩ የለም። የስም ማጣሪያው ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት ብቻ የሚፈቅድ ይመስለኛል።»

ሜንቴነሩ ይህን ሲያነብ ሥራው ተጋምሷል። «ስሪት 3.0 ላይ የለም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስሕተቱን ያመጣውን ኮሚት ለሚፈልገው ትእዛዝ፣ ለጊት ቢሴክት በር ትከፍታለች። ደኅና የነበረ አንድ ኮሚትና የተበላሸ አንድ ኮሚት ትነግሩታላችሁ፤ እሱ መሃሉን እየከፈለ ያስሞክራችኋል፤ 1,000 ኮሚት ቢኖር 10 ሙከራ ያህል ይበቃል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ጥገኛ ፓኬጆቹንም ለዚያ ኮሚት እንደገና መጫን ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በአዲስ ፓኬጅ አሮጌ ኮድ ትፈትኑና ንጹሑን ኮሚት ትወነጅላላችሁ። የስም ቅጹ ማረሚያ ቀላል ነው። ማጣሪያው «ማንኛውም የዩኒኮድ ፊደል» የሚለውን ምድብ እንዲጠቀም ማድረግ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ከ2018 ጀምሮ ያውቀዋል። «ዩ» የምትባለዋን ፍላግ (የማጣሪያ ምልክት) ከረሳችሁ ግን ስሕተት አይጮህም፤ ዝም ብሎ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

«ትልቅ ሥራ ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ያደንቋችኋል።» ከስድስቱ ምክሮች አደገኛው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

አንድ ፊቸር (አዲስ አገልግሎት) ከገባ በኋላ የእናንተ አይደለም። እናንተ ነገ ሌላ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሰበር የሚቀሰቀሰው ሜንቴነሩ ነው። ስለዚህ ሳይነጋገሩ የመጣ 2,000 መስመር ኮድ በር ላይ እንደተጣለ ሕፃን ነው የሚታየው፦ ያሳዝናል፣ ግን ማን ያሳድገው? አዲስ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ኢሹ ተከፍቶ «ይህን ትፈልጉታላችሁ ወይ?» ይባላል። መልሱ «አይ» ከሆነ የከሰራችሁት አንድ አንቀጽ ነው።

ከዚህ የባሰው ሳይታሰብ የሚተልቀው ፑል ሪኩዌስት ነው። ስድስት መስመር ያረመ ሰው ሺህ መስመሮች የተለወጡበት ዲፍ (የለውጥ ዝርዝር) ይልካል፤ ለምን እንደሆነም አያውቅም። ተጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛው የጥገኛ ፓኬጆችን ትክክለኛ ስሪት የሚመዘግበው ሎክ ፋይል ነው፦ በፓኬጅ ጫኙ ኤንፒኤም «ኢንስቶል» ስትሉ እንደ ስሪታችሁ ሎክ ፋይሉን እንደ አዲስ ሊጽፈው ይችላል። ኤንፒኤም ሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ብትጠቀሙ ግን ሎክ ፋይሉን ሳይነካ በውስጡ የተጻፈውን ብቻ ይጭናል። ሁለተኛው የኮድ አጻጻፍ አስተካካዩ ፎርማተር ነው፦ ኤዲተራችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ፋይሉን በራሱ ልማድ ካስተካከለ ነጠላ ጥቅሱ ሁሉ ድርብ ይሆናል። ለዚያ ፕሮጀክት አጥፉት ወይም የፕሮጀክቱን ቅንብር እንዲያነብ አድርጉት። ሦስተኛው ዊንዶውስ ላይ የሚመጣው የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ጊት ግን እያንዳንዱ መስመር ተለወጠ ይላል። «አውቶሲአርኤልኤፍ» የሚባለው የጊት ቅንብር የሚያስተካክለው ይህንኑ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ኮሚት ከማድረጋችሁ በፊት ጊት ዲፍን ከነስታት ማሳያው አሂዱና የፋይሎቹን ዝርዝር እዩ፤ ያልነካችሁት ፋይል ካለ መልሱት። ከዚያ በጊት አድ የ«ፓች» አማራጭ ቁራጭ በቁራጭ እያያችሁ አስገቡ፤ የረሳችሁት ኮንሶል ሎግ (ለሙከራ የጻፋችሁት ማተሚያ መስመር) የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ሜይን ብራንች (ዋናው የሥራ ቅርንጫፍ) ላይ አትሥሩ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ብራንች ይኑረው። ዋናው ሪፖ ወደፊት ከሄደ ከ«አፕስትሪም» (ከዋናው ሪፖ) ፌች አድርጋችሁ (አዲሱን አውርዳችሁ) ሪቤዝ አድርጉ፣ ማለትም ለውጣችሁን በአዲሱ ላይ መልሳችሁ ቀጥሉት። መልሳችሁ ስትልኩ ተራውን «ፎርስ» ሳይሆን «ፎርስ ዊዝ ሊስ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ሜንቴነሩ ብራንቻችሁ ላይ ትንሽ ነገር አርሞላችሁ ከሆነ ተራው ፎርስ ሳያስጠነቅቅ ያጠፋበታል። ከማረሚያው ጋር ደግሞ ቴስት ይምጣ፦ ማረሚያው ሳይኖር የሚወድቅ፣ ሲኖር የሚያልፍ። እንዲህ ያለ ቴስት ያለው ባለ ስድስት መስመር ለውጥ በአሥር ደቂቃ ይነበባል።

ስለ ዝምታው። ጸሐፊው «በሁለት ቀን ካልመለሱ ታግ አድርጓቸው፣ በየቦታው ጻፉላቸው» ይላሉ። ዝምታ የሚመስለው ነገር አንዳንዴ በጭራሽ ዝምታ አይደለም። አጭበርባሪዎች በፑል ሪኩዌስት በኩል የጊትሃብን ሰርቨሮች ክሪፕቶ ማውጫ ስላደረጓቸው፣ ከ2021 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳተፍ ሰው ፍተሻ ሜንቴነሩ ካልፈቀደ በራሱ አይነሣም። ገጹ ላይ «ፈቃድ በመጠበቅ ላይ» የሚል ምልክት ይታያል። ጀማሪው ይህን ሲያይ የተናቀ ይመስለዋል።

ተራው እስኪደርስ ሊጣራ የሚችል ነገር አለ። ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) አለ ወይ? ፍተሻው ወድቋል ወይ? መግለጫው ላይ የኢሹው ቁጥር በመዝጊያ ቃሉ ተጽፏል ወይ? (ቃሉ ኢሹውን የሚዘጋው ለውጡ ወደ ዋናው ብራንች ሲገባ ብቻ ነው።) ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚቻል ከሆነም አዲስ ነገር ይዞ ማስታወስ ነውር የለበትም፦ «ከዛሬው ሜይን ጋር ሪቤዝ አድርጌዋለሁ፣ ቴስቱ ያልፋል።»

ግፊቱ ነውር የሆነበት ምክንያት ግን ከጨዋነት ያልፋል። በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር (የምስጢር መግቢያ) ተገኘ። ያገኘው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ የኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው) ግንኙነት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ግራ ቢገባው ነው የቆፈረው። ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመረመር፣ በ2022 ማንነታቸው ያልታወቀ አካውንቶች ብቻውን የሚሠራውን ሜንቴነር «ለምን ትዘገያለህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ወጥረውት እንደነበር ታየ። የኋላ በሩን ላስገባው አዲስ ረዳት መንገዱ የተከፈተው በዚያ ግፊት ነው። ዛሬ «ለምን አትመልሱም?» እያለ በየአቅጣጫው የሚወተውት አዲስ አካውንት ሲመጣ ሜንቴነር ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

አምስተኛው ምክር ሁለት ነገር ቀላቅሏል፦ እንግሊዝኛንና ኢንተርኔትን፤ ለሁለቱም መድኃኒቱ ኤአይ ነው ይላል። የከርል (የኢንተርኔት ዳታ ማስተላለፊያ ፕሮግራም) መሥራች ዳንኤል ስቴንበርግ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በኤአይ የተፈበረኩ የደኅንነት ሪፖርቶች ጊዜውን እየበሉበት መሆኑን በአደባባይ ሲናገር ቆይቷል። ሪፖርቱ ያማረ እንግሊዝኛ ነው፤ የተጠቀሰው ቀዳዳ ግን የለም። ለጥያቄ የሚመጣው መልስም ያንኑ ያህል ያማረ፣ ያንኑ ያህል ባዶ ነው። ያልገባችሁን ኮድ አትላኩ፤ ሜንቴነሩ «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» ሲል የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። ፕሮጀክቱ ኤአይ መጠቀምን አሳውቁ የሚል ደንብ ካለው አሳውቁ። እንግሊዝኛው ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ምን ነበር፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን አየሁ፣ ምን ለወጥሁ፣ እንዴት ሞከርሁት፦ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሰዋስዋቸው ቢጎረብጥ ማንም አይከፋም።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ኤአይ ሳይሆን ጊት ራሱ መላ አለው። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ሆኖ ትልቅ ሪፖ ክሎን ያደረገ (ወደ ኮምፒውተሩ የቀዳ) ሰው የሚያውቀው ችግር አለ፦ ክሎን መሃል ላይ ከተቋረጠ ከቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። 90 ከመቶ ላይ መብራት ሲሄድ ያለውን ስሜት መግለጽ አያስፈልግም። ስለዚህ «ዴፕዝ 1» ብላችሁ የመጨረሻዋን ኮሚት ብቻ አምጡ፤ ከዚያ ፌችን «ዲፕን» በሚለው አማራጭ አምስት መቶ አምስት መቶ ኮሚት እያደረጋችሁ ታሪኩን አውርዱ። አንዱ ዙር ቢቋረጥ የቀደሙት አይጠፉም። ታሪኩን ሳታሟሉ ግን ሪቤዝ ወይም ቢሴክት ለማድረግ አትሞክሩ፤ ጊት የሁለቱን ብራንቾች የጋራ መነሻ ስለማያገኝ ሊገባችሁ የማይችል የኮንፍሊክት ክምር ይጥልባችኋል። መስመሩ የማይቆራረጥ ግን ቀርፋፋ ከሆነ ፋይሎቹን ሲፈለጉ ብቻ የሚያመጣው፣ «ፊልተር» በሚለው አማራጭ የሚደረገው ክሎን ይሻላል፤ የኮሚት ታሪኩ ሙሉ ነው፣ የድሮ ፋይሎች ይዘት ግን ቆይቶ ይመጣል። ፐፐቲር (ብራውዘርን በኮድ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ያለባቸው ፕሮጀክቶች ሲጫኑ ብራውዘር በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚያወርዱ፣ የምትነኩት ነገር ከብራውዘር ቴስት ጋር ካልተያያዘ ማውረዱን እንዲዘል በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ከሲስተሙ በሚያነበው ቅንብር) መንገር ይቻላል። ዳታ ካነሰ ደግሞ የጊትሃብ ኮድስፔስ (በብራውዘር የሚከፈት የርቀት ኮምፒውተር) ለግል አካውንት በወር 120 የኮር ሰዓት በነፃ ይሰጣል፤ ባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ 60 ሰዓት ማለት ነው። ጭነቱ በሙሉ እዚያ ይወርዳል፣ እናንተ ጋ የሚደርሰው ስክሪኑ ብቻ ነው። ሥራ ሲያበቃ ማቆምን አትርሱ፣ ሰዓቱ ይቆጥራል።

በመጨረሻ ጸሐፊው «ኮድ የማይችል ይተርጉም» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አለ። ይህን የሚል ሰው አንድ ሶፍትዌር ወደ አማርኛ አምጥቶ አያውቅም ብንል አንሳሳትም።

ኮዱ «ፋይል» የሚል ቃል ወስዶ ቁጥሩ ከአንድ ሲበልጥ መጨረሻው ላይ የብዙ ቁጥር ፊደል ይለጥፋል እንበል። በእንግሊዝኛ ይሠራል። በአማርኛ ግን «ፋይል» ብዙ ሲሆን «ፋይሎች» ነው፤ «ል» ራሷ ወደ «ሎ» ተለውጣለች። የሚለጠፍ ነገር የለም፣ ቃሉ በሙሉ መቀየር አለበት። ቦታ የሚጠራው መስመርም እንዲሁ ነው፦ ኮዱ መስተዋድዱን፣ ክፍት ቦታውንና የከተማውን ስም ሲቀጥል «በ አዲስ አበባ» የሚል ነገር ይወጣል። ተርጓሚ የፈለገውን ቢጽፍ ይህን አያስተካክለውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ከነቦታ ማስያዣው (ስም ወይም ቁጥር ከሚገባበት ቦታ ጋር) አንድ ሆኖ እንዲተረጎም ኮዱ መለወጥ አለበት። ሁለት ቦታ ማስያዣ ካለ ደግሞ ቁጥር ይሰጣቸው፣ አማርኛ ቅደም ተከተላቸውን ይገለብጠዋልና። የብዙ ቁጥር ደንቡም ይለያል፦ የቋንቋዎችን ደንብ በሚሰበስበው ሲኤልዲአር መሠረት አማርኛ ዜሮን ከአንድ ጋር ነው የሚመድበው፣ እንግሊዝኛ ግን ከብዙ ጋር።

ዝርዝሩ ይቀጥላል። ጽሑፍ ቀንጭቦ የሚያሳይ ኮድ ዓረፍተ ነገር የሚያበቃበትን በነጥብ ከፈለገ አራት ነጥብን አያያትም። የወራት ዝርዝሩ 12 ብቻ የሆነ የቀን መምረጫ ጳጉሜን መያዣ የለውም፤ ብራውዘሮች ግን የኢትዮጵያን ካላንደር ኢንትል በተባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል በኩል ያውቁታል፣ መጠቀም ብቻ ነው። ጃንጎ በተባለው የዌብ መሥሪያ ውስጥ ያለው የአድራሻ ማዘጋጃ «ዩኒኮድ ይፈቀድ» ካልተባለ የአማርኛን ርዕስ ሙልጭ አድርጎ ባዶ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍ ሲመጣ ከመጀመሪያው ባዶ አድራሻ ጋር ይጋጫል። ወርድፕረስ ደግሞ አይጥለውም፣ ይቆርጠዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ ዘጠኝ ቦታ ይይዛል። የአድራሻው ጣሪያ 200 ስለሆነ 22 ፊደል ላይ ያበቃል።

ይህን ለመሞከር ምንም መጫን አያስፈልግም። የምትጠቀሙበትን ኦፕን ሶርስ የዌብ ሥርዓት ማሳያ ገጽ ክፈቱ። ስማችሁን በአማርኛ አስገቡ። ከዚያ መጀመሪያዎቹ አምስት ቃላት አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ከ30 ፊደል የሚበልጡ ሁለት ርዕሶች ጻፉና አትሙ፤ በአንደኛው ጽሑፍ ውስጥ «ሠላም»ን፣ በሌላው «ሰላም»ን አስገቡ። አድራሻዎቹን ተመልከቱ፤ መፈለጊያው ላይ አንዱን «ሰላም» ጽፋችሁ ስንቱን እንደሚያመጣ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ኢሹ ስትጽፉ የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር ጨምሩበት፤ ሜንቴነሩ «ሠ» እና «ሰ» ለእኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ካልነገራችሁት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።